እንግዳ ቃል

በአማርኛ ቋንቋ እንግዳ የሚለው ስም ሁለት ነገር ያመለክታል። ከሩቅ መጥቶ ሲመሽበት ከሰው ደጅ የሚቆመው መንገደኛ እንግዳ ይባላል፤ ያልታወቀና ያልተለመደ ነገርም ሁሉ እንግዳ ይባላል። ስለዚህ ሰው መጽሐፍ ወይም ጋዜጣ ሲያነብ ፍችውን የማያውቀው ቃል ቢገጥመው፥ እንግዳ ቃል አገኘሁ ይላል። ይህን ሲናገር ምናልባት ልብ አይለው ይሆናል እንጂ፥ የተናገረው ነገር ግዴታ የሚያስከትል ነው። እንግዳ ሲመጣ የሚደረገው ሥርዓት በአገሩ ሰው ዘንድ የታወቀ ነውና። የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ ላለ ሰው በር አይዘጋበትም፤ እግሩን ያጥቡታል፥ መቀመጫ ይሰጡታል፥ ካረፈም በኋላ አገሩን፥ ዘመዱንና የሚሄድበትን ይጠይቁታል። አይቶ እንዳላዩ ማለፍ ግን ነውር ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። በንባብ መካከል የሚመጣውን እንግዳ ቃል አይቶ እንዳላዩ ማለፍ የዕውቀት ጕድለት ብቻ ነውን፥ ወይስ የጠባይም ጕድለት አለበት? ነገሩ ሲያዩት ታናሽ ይመስላል። በጋዜጣ ላይ፥ ከወዳጅ በተላከ ደብዳቤ ላይ፥ በቤት ኪራይ ውል ላይ፥ በመድኀኒት ብልቃጥ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ አንድ የማይታወቅ ቃል ይገኛል፤ ዐይን ጥቂት ይቆምበታል፥ ቀጥሎም ያልፋል። ስለዚህ ነገር ማንም ሰው በዳኛ ፊት አይከሰስም፥ ማንም ንስሐ አይገባበትም። ነገር ግን ታናሽ የሚመስል ልማድ ሲደጋገም የሰውን ጠባይ ይሠራልና ጉዳዩን መርምሮ ማየት የሚገባ ነው።

ማለፍ በደል የለበትም የሚሉ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት የሚናቅ አይደለም። በያንዳንዱ ቃል የሚቆም አንባቢ መንገዱን አይጨርስም ይላሉ፤ ደግሞም አብዛኛው ቃል የሚታወቀው ከፊቱና ከኋላው ካሉት ቃሎች የተነሣ ነው እንጂ መዝገበ ቃላት ተገልጦ አይደለም። ሕፃን ልጅ ቋንቋውን ሲለምድ ፍች የሚነግረው መምህር የለውም። አውግስጢኖስ ስለ ሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ እንደሚተርከው፥ በሕፃንነቱ ታላላቆቹ ነገሩን በስሙ እየጠሩ ወደ እርሱ ሲመለከቱና ሲንቀሳቀሱ በማየት የእናቱን ቋንቋ ያለ ጭንቀት ተማረ፤ የጽርዕን ቋንቋ ግን በግድና በቅጣት ስላስተማሩት እጅግ መረረው። በኢትዮጵያም በንባብ ቤት የሚማር ልጅ ፊደል ቈጥሮ መልእክተ ዮሐንስን፥ ከዚያም ዳዊትን በግእዝ ይደግማል፤ የሚደግመው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ ግን በዚያን ጊዜ አብዛኛውን አያውቅም። ግስ የሚያጠናው ቅኔ ቤት ሲገባ ነው፤ ምሥጢሩን የሚሰማው ደግሞ ከትርጓሜ መምህር እግር ሥር ሲቀመጥ ነው። ታዲያ ይህ ልጅ በደለኛ ነውን ብለው ይጠይቃሉ።

በደለኛ አይደለም። የዚህ ልጅ ሁኔታ ግን ለማለፍ ምክንያት አይሆንም፤ ይልቁንም ልዩነቱን ያስረዳል። ልጁ ንባብ አንድ ደረጃ፥ ትርጓሜ ሌላ ደረጃ መሆኑን ያውቃል። መምህሩም ያውቃሉ፤ ቤተሰቡም ያውቃል። ዳዊት ደገመ ይባልለታል እንጂ ዳዊትን ተረጐመ አይባልለትም። ያላወቀው ነገር ስሙ ተጠርቶ፥ ጊዜው ተወስኖ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ማለፍ ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። አላወቅሁትም፥ ቈይቼ እጠይቃለሁ ብሎ የሚያልፍ አለ፤ ይህ እንግዳውን ጥቂት ታገሠኝ ብሎ በደጅ ያስቀመጠ ሰው ነው። ቃሉ እንግዳ መሆኑን ራሱን ሳያይ የሚያልፍ አለ፤ ይህ የተኛ ሰው ነው። ሳያውቅ እንዳወቀ ሆኖ የሚያልፍም አለ፤ በደል የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ይህ ሰው ሌላውን ከማታለሉ በፊት ራሱን አታልሏልና። የጽርዕ ፈላስፋ ሶቅራጥስ በአቴና ከተማ ጥበበኛ የተባሉትን እየዞረ በጠየቀ ጊዜ ከእነርሱ የሚበልጥበትን ነገር ያገኘው በዚሁ ነው፤ እነርሱ የማያውቁትን እንደሚያውቁ ይቈጥሩት ነበር፥ እርሱ ግን የማያውቀውን እንደሚያውቅ አልቈጠረም።

ስለ ንባብ ትሕትና በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 ከተጻፈው ይልቅ ለኢትዮጵያ ሰው የሚቀርብ ምሳሌ የለም። የሕንደኬ ንግሥት ባለሟል ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስ ቀርቦ የሚያነበውን ያስተውለው እንደ ሆነ ጠየቀው። ይህ ሰው የንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ በእጁ የነበረ ታላቅ ሹም ነው፤ ጠያቂው ደግሞ በበረሓ መንገድ በእግሩ የመጣ፥ የማያውቀው ሰው ነው። ባለሟሉ እንደ ሹመቱ ቢሆን ምን አገባህ ብሎ ሠረገላውን ባስነዳ ነበር። እርሱ ግን የሚመራው ሰው ካላገኘ ሊያስተውል እንደማይችል ሳያፍር መለሰ፥ ፊልጶስንም ከአጠገቡ አስቀመጠው። ደግሞም ልብ ሊባል የሚገባው፥ ጥያቄው የተለየና የተወሰነ መሆኑ ነው። ሁሉን ንገረኝ አላለም፤ ነቢዩ ይህን የተናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ብሎ ጠየቀ እንጂ። ያልገባውን ስፍራ ለይቶ በጣቱ ማመልከት የቻለ አንባቢ ግማሹን መንገድ ሄዷል። የንግሥቲቱ ግምጃ ቤት ቍልፍ በእጁ የነበረ ሰው የቃሉ ቍልፍ እንደሌለው ማመኑ ክብሩን አልቀነሰበትም፤ ታሪኩ እስከ ዛሬ የሚነገርለት ስለ ሹመቱ ሳይሆን ስለዚሁ መልሱ ነው።

ነገር ግን ከማይታወቀው ቃል ይልቅ የሚያስፈራ ሌላ ቃል አለ፤ እርሱም የሚታወቅ የሚመስለው ነው። መዝገብ የሚለውን ቃል በመሥሪያ ቤት ያለ ጸሐፊ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስምና ጉዳይ የሚጻፍበት ትልቅ ደብተር ነው። በግእዝ ግን መዝገብ ሀብት የሚከማችበት ግምጃ ቤት፥ ደግሞም የተከማቸው ሀብት ራሱ ነው። በወንጌል ጌታ መዝገባችሁ ባለበት ልባችሁ በዚያ ይሆናል የሚለውን ምክር በግእዝ የሚያነብ ጸሐፊ ደብተሩን ቢያስብ፥ አንድም ፊደል ሳይሳሳት አንብቦ ምክሩን ሁሉ ይስታል። ይህን ያወቀ ዕለት ግን ሁለት ትርፍ ያገኛል። ወንጌሉ ይገባዋል፤ ደግሞም በየቀኑ የሚገልጠው ደብተር ለምን በዚህ ስም እንደ ተጠራ፥ መዝገበ ቃላት ሲባልም የቃሎች ግምጃ ቤት ማለት እንደ ሆነ ያስተውላል። እንዲሁም ኅሊና ዛሬ በአማርኛ ሰው ክፉና በጎን ለይቶ ራሱን የሚወቅስበት የውስጥ ዳኛ ነው፤ በግእዝ ግን ኀለየ አሰበ ማለት ነውና ኅሊና አስቀድሞ ዐሳብ ማለት ነው። በጥንት መጽሐፍ ኅሊና የሚለውን ሁሉ በዛሬው ፍች ብቻ የሚያነብ ሰው ደራሲው ያላሰበውን ወቀሳ ይሰማል። ሰዋስው የሚለውም ዛሬ የቋንቋ ሕግ ትምህርት ነው፤ የመጀመሪያ ፍችው ግን መሰላል ነው። አንድ ቃል ለሺህ ጊዜ በአፍ ተመላልሶ ሳለ በሺህ አንደኛው ጊዜ እንግዳ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ከቤተ ሰብ መካከል ታሪኩ ያልተጠየቀ ሽማግሌ እንደሚገኝ ነው።

የአንድ ቃል ነገር ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል የኢትዮጵያ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ. ም. በውጫሌ በኢትዮጵያና በኢጣልያ መካከል የወዳጅነት ውል ተፈረመ። ውሉ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጽፎ ነበር። በ17ኛው ክፍል በአማርኛው የተጻፈው ዳግማዊ ምኒልክ ከኤውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት ለመላላክ ይቻላቸዋል የሚል ነው፤ ቢፈልጉ ያደርጉታል፥ ባይፈልጉ ይተዉታል ማለት ነው። በኢጣልያንኛው የተጻፈው ግን በዚያ መንግሥት አማካይነት ለመላላክ ተስማምተዋል የሚል ሆነ፤ ይህም ግዴታ ነው ተብሎ ተተረጐመ። ኢጣልያም በዚህ ቃል ላይ ቆማ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር እንደ ሆነች ለኤውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ልዩነቱ በታወቀ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ ጣይቱ የአገሩን ነጻነት የሚነካውን ትርጓሜ አልተቀበሉም፤ በ1885 ዓ. ም. ውሉ ፈረሰ፥ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. የዐድዋ ጦርነት ሆነ። ነገሩ ስሕተት ነበር ወይስ ተንኰል የሚለውን የታሪክ ጸሐፊዎች ተከራክረውበታል። ለጦርነቱም ሌላ ብዙ ምክንያት ነበረው። ነገር ግን ክርክሩ የተተከለበት ችንካር አንድ ግስ መሆኑን የሚክድ የለም። ይህን የሚያስብ ሰው የቃል ነገር የደብተራና የተማሪ ቤት ጨዋታ ነው ሊል አይችልም።

ከመንግሥት ጉዳይ ወርዶ በየሰፈሩ የሚሆነውን ማየትም ይገባል። ብድር የተበደረ ሰው ውሉን አንብቦ ይፈርማል፤ ከቃሎቹ አንዱ አልገባውም፥ ነገር ግን ጸሐፊው ፊት እንዳያፍር ገባኝ ይላል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቤቱ በዋስትና መያዙን ያወቀው በዚያ ቃል ምክንያት ይሆናል። በሽተኛ መድኀኒቱን እንዴት እንደሚወስድ የተጻፈለትን ሳይረዳ ራሱን ነቅንቆ ይወጣል። በዚህ ሁሉ ያጠፋው ድንቍርና አይደለም፤ ድንቍርናስ በአንድ ጥያቄ በጠፋ ነበር። ያጠፋው ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ በብዙ ስፍራ መልካም ጠባቂ ነው፤ ሰውን ከክፉ ሥራ ይከለክላል፥ ታላቅን ያስከብራል። በቃል ፊት ሲቆም ግን ወንበዴ ይሆናል። ሽማግሌው ከልጁ፥ መምህሩ ከተማሪው፥ ሹሙ ከጸሐፊው እንዳይጠይቅ መንገዱን ይዘጋል። ደግሞም የሚያሳፍረው ሳይጠይቁ መቅረት መሆኑን ይሸሽጋል። ታላቅ ሰው ከታናሹ አንድ ቃል ቢጠይቅ ታናሹ ሁለት ነገር ይማራል፤ ቃሉን ለማስረዳት ሲል ራሱ በደንብ ያውቀዋል፥ መጠየቅም የታላቅ ሰው ሥራ መሆኑን ያያል። ሁለተኛው ትምህርት ከመጀመሪያው ይበልጣል።

ቃልን በክብር የተቀበሉ ሰዎች ሥራቸው ይመሰክርላቸዋል። የጀርመኑ ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ ግእዝን አስቀድሞ ከመጻሕፍት ተምሮ ነበር። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1649 ዓ. ም. በሮም ከኢትዮጵያዊው ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር በተገናኘ ጊዜ ግን በመጽሐፍ የሚያውቀው ቋንቋ በአፉ ገና እንግዳ መሆኑን አየ። ሊቅ ነኝ ብሎ አላፈረም፤ ጠየቀ፥ ጻፈ፥ በኋላም በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጀርመን አገር ወደ ጎታ ሄደው ትምህርቱ ቀጠለ። የግእዝ መዝገበ ቃላቱ በ1661፥ የአማርኛው ደግሞ በ1698 የታተሙት በዚህ ጥያቄና መልስ ፍሬ ነው። በኢትዮጵያም መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ተማሪያቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተቀበሉ፤ እርሳቸውም በ1936 ዓ. ም. ሲያርፉ ሥራውን ለደስታ ተክለ ወልድ ዐደራ ሰጡ፤ መጽሐፉ በ1948 ዓ. ም. ታትሞ ወጣ። ሦስት ትውልድ አንድ መጽሐፍ ተቀባበለ። ከሦስቱ ሁለቱ ታትሞ አላዩትም።

የእንግሊዝ አገር ሰዎችም ታላቁን መዝገበ ቃላታቸውን ሲያዘጋጁ፥ ዋናው አዘጋጅ ጄምስ መሪ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1879 ዓ. ም. ለአንባቢ ሁሉ ጥሪ አደረገ። መምህርም ነጋዴም፥ ሴትም ወንድም በቤቱ የሚያነበውን መጽሐፍ እያየ ቃሉን ከነዐረፍተ ነገሩ በትንሽ ወረቀት ጽፎ እንዲልክ ለመነ። ብርቅ የሆነውን ብቻ ሳይሆን የተለመደውንም ቃል እንዲልኩ ተጠየቁ። ሥራው በ1928 ሲፈጸም ከ400,000 በላይ ቃሎች ተመዝግበውበት ነበር፤ መሪ ግን በ1915 ሞቶ ነበር። ይህን ሁሉ ትጋት ያደረጉ ሰዎች እንኳ ባሪያ የሆነችን ሴት የሚያመለክት አንድ ቃል ወረቀቱ ጠፍቶባቸው ከመጽሐፉ ሳይገባ ቀረ፤ በኋላ በ1933 በወጣው ተጨማሪ መጽሐፍ ገባ። ስለዚህ በዚህ ሥራ የሚመካ ሰው ሊኖር አይገባም።

ትምክሕት ከተነሣ ዘንድ፥ ከማለፍ በደል በስተ ግራ ያለውንም ገደል ማሳየት ያስፈልጋል። አንዳንድ ሰው አዲስ ቃል ሲያገኝ የሚደሰተው ነገሩ ስለ ተገለጠለት ሳይሆን በሌላው ፊት የሚያጌጥበት ጌጥ ስላገኘ ነው። ትናንት ከጋዜጣ ያነበበውን ቃል ዛሬ በየሸንጎው ይጠራዋል፤ ሰሚዎቹ ሳይገባቸው ሲቀር ደስ ይለዋል። ይህ ሰው እንግዳውን ተቀበለ አይባልም፤ እንግዳውን ሎሌ አድርጎ በየገበያው አስከተለው እንጂ። አባቶች ከመጠምጠም መማር ይቅደም ማለታቸው ስለዚህ ነው። የቃል ሥራው ዐሳብን ከአንዱ ልብ ወደ ሌላው ማድረስ ነው፤ ሰሚው እንዳይረዳው ተብሎ የተነገረ ቃል ከሥራው ተሽሯል። ካህን ለምእመናን፥ ዳኛ ለባለጉዳይ፥ ሐኪም ለበሽተኛ የሚናገረው ቃል በዚህ ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል። አዲስ ቃል ያወቀ ሰው ማወቁ የሚታየው፥ ቃሉን ሳይጠራ ነገሩን በቀላል አማርኛ ማስረዳት ሲችል ነው።

በአሁኑ ዘመን ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። የብዙ ቃል ፍች በእጅ ስልክ ላይ በቅጽበት ይገኛል፤ ሰው መምህር ፍለጋ አገር ለአገር መዞር አያስፈልገውም። ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ የሚያፍር ሰውም ያለ ምስክር እንዲጠይቅ አስችሎታል። ሆኖም በቅጽበት የመጣ ፍች በቅጽበት ይሄዳል። እንግዳውን በደጅ ቆሞ ስምህ ማን ነው ብሎ ጠይቆ በሩን መዝጋት እንግዳ መቀበል አይደለም። የትርጓሜ መምህራን አንዱን ቃል አንድ ጊዜ ፈትተው አንድም እያሉ ሁለተኛውን፥ ሦስተኛውን የሚያመጡት ቃሉ ከብዙ ወገን እንዲታይ ነው። አንድ ቃል የራስ የሚሆነው ፍችው በታወቀበት ሰዓት አይደለም፤ በሌላ ስፍራ ተገኝቶ ሲታወቅ፥ በሥራ ሲፈተን፥ ለሌላ ሰው ሲነገር ነው። መሣሪያው ፍቹን ያቀርባል፤ መቀመጫ የሚሰጠው ግን አንባቢው ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው መልስ እንደሚከተለው ነው። ሰው ሁሉን ቃል እንዲያውቅ ግዴታ የለበትም፤ ይህ ለማንም አልተሰጠም። በያንዳንዱም ቃል እንዲቆም ግዴታ የለበትም፤ ንባብ መንገድ ነውና መንገደኛ በየእርምጃው ቢያርፍ ከቤቱ አይደርስም። ነገር ግን ያላወቀውን አወቅሁ እንዳይል ግዴታ አለበት። በተለይም የሌላ ሰው መብት፥ ጤና ወይም እምነት በቃሉ ላይ የተንጠለጠለ ሲሆን ሳይጠይቅ ማለፍ በደል ነው፤ ያን ጊዜ የሚጐዳው እርሱ ብቻ አይደለምና። ባወቀም ጊዜ ዕውቀቱን ለሚጠይቀው ሰው ያለ ንፉግነት ሊሰጥ ይገባዋል፤ እርሱም የተቀበለው ከሌላ ነውና።

በቤቱ የሚያነብ ሰው ይህን ለመፈጸም ብዙ ነገር አያስፈልገውም። ከመጽሐፉ አጠገብ አንድ ትንሽ ደብተር ያኑር፤ በቀን አንድ እንግዳ ቃል ቢጽፍ፥ ያገኘበትን ስፍራ ቢያመለክት፥ ከእሑድ እስከ እሑድ ከሚያውቅ ሰው ጠይቆ ፍችውን በጐኑ ቢያኖር፥ በዓመት ከ300 የሚበልጡ ቃሎች በቤቱ ያድራሉ። ልጆቹም አባታቸው እየጠየቀ ሲጽፍ ያያሉ። ደብተሩ ሲሞላ ስሙን መዝገብ ቢለው፥ በሁለቱም ፍች እውነት ይሆናል።